ስስ

ኮላፑር ከተማ፣ ክረምት ሲጀማምር፣
የብረት ማቅለጫው ጭስ በጭስ ሲደምር፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ቤተ ሙከራችን፣
ዝናብ ይፈርማል በመዝገባችን።

ማሽን አልገዛንም።
ዋጋውን ብጠይቅ መምህሬ ኢንዱመቲ
ሳቀች፦
«ቤቴን ብሸጠው፣ ቤትሽን ብትሸጪ፣
ለፓምፑ ይበቃል፤ ሌላውን አምጪ።»

ስለዚህ ማሩቲ፣
ድሮ ማራገቢያ ሲጠግን የኖረ፣
ካረጀ ኮምፒውተር ሞተር ፈታ፣ አሰረ፤
የምሳ ዕቃ ክዳን ከላዩ ገጠመ፤
በደቂቃ ሦስት ሺህ ዞሮ አልደከመ።
ጠብታ ይወድቃል፣ ይበተናል ዳር ዳር፣
የቀረው ይሳሳል እንደ ሸረሪት ድር።

ጠርሙሶቻችን ሁለት፦
አንደኛው ኮባልት ነው፣ የጽጌረዳ ቀይ፤
ሁለተኛው መዳብ፣ ዝናብ ያጠበው ሰማይ።
ከምድጃው ሲወጡ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤
ስም ካልጻፍንባቸው
የወለደች እናት እንኳ አትለያቸው።

ጠባያቸው ግን ሌላ።
የቀዩ ልጅ እሳት ይወዳል፤
አንድ ጎኑ ግሎ አንዱ ሲቀዘቅዝ
ከመሃል ኤሌክትሪክ ይወልዳል።
የሰማያዊው ልጅ የሚያምረው ብርድ ነው፤
ከዜሮ በታች መቶ ሰማንያ ሲያልፍ
ተቃውሞ የለበትም፣
(ገዢ ሁሉ ተመኝቶ ያላገኘው)።

ኦክስጅኑን ከበያጅ ተበደርን።
ፈሳሽ ናይትሮጅኑን ከየት?
ከከብት ማዳቀያ፣
የጎሽ ኮርማ ዘር ከሚተኛበት በርሜል።
ማሩቲ በሞተር ሳይክል፣ በጉልበቱ መሃል አቅፎት፣
ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር ነጭ ትንፋሽ እየተፋ፣
ካስቀዳው ሁለት ሊትር ግማሹ መንገድ ላይ ጠፋ።

አርባ ስድስት ናሙና ጥለናል፤
እንደ ሚያዝያ ኩሬ ተሰነጣጥቆ።
«ቸኮልሽ» ትለኛለች፣
«ስስ ነገር ቀስ ይላል።
ሳስቶ ያልሳሱለት ይሰነጠቃል።»

አርባ ሰባተኛው ምድጃ ውስጥ ሳለ
ሌሊት መብራት ጠፋ።
በስልኬ ብርሃን ቴርሞሜትሩን እያየሁ
ሙቀቱ ሲወርድ አብሬው ወረድኩ፤
ሰባት መቶ፣ ስድስት መቶ፣
የቧንቧው ውሃ ጠብ፣ ጠብ፣
አምስት መቶ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሲነጋ አልተሰነጠቀም።
በብር ቀለም አራት ክር አጣበቅኩበት፤
ወደ ናይትሮጅኑ ቀስ ብዬ ሰደድኩት።
ቁጥሩ ወረደ። ዘጠኝ። ስድስት። ሁለት።
ማሩቲ ሻዩን አስቀመጠ።
ዜሮ ነጥብ አራት።
ዜሮ ነጥብ ሦስት።
እዚያ ቆመ።

የቀረው ናይትሮጅን ተንኖ እስኪያልቅ ጠበቅን፤
ንቅንቅ አላለም።
ኢንዱመቲ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መለሰች።
«ጻፊው» አለች፣ «ሦስቱን እንዳትረሺ።
ያልሠራነውን ዜሮ አንበደርም።»

ያን ቀን ከሰዓት፣ ምናልባት ለመጽናናት፣
የቀዩን ልጅ ይዘን ወደ ማቅለጫው ሄድን።
ግማሹን ከጋለው ቧንቧ አሰርን፣
ግማሹን ለነፋስ ተውን።
መርፌው ተነሣ፦ ሃያ አንድ ሚሊቮልት።
ፎርማኑ ያሽዋንት እጁን ከቧንቧው አጠገብ ዘረጋ፤
«ስንት አምፖል ያበራል?»
«አንድም።»
ዝም አለ።
«ሠላሳ ዓመት ይሄ ሙቀት በነጻ ሰማይ ሲገባ
እኔ ነበርኩ በሩን የምከፍትለት» አለ፣
መርፌው ላይ ዓይኑን ተክሎ።

ልንፈታው ስንል እጄን ያዘኝ።
«ይደር።»
ዝናብ ሲጀምር ከበሩ ዞሬ አየሁት፤
ቁራጭ ቆርቆሮ አጥፎ፣
ለጥፍር የማታክል ጥቁር ነገር
ጣሪያ እየሠራላት ነበር።
ሳስቶላት።